የሎጁ ሣርና የመንደሩ ምንጭ፦ ከሰሜን ሸዋ ደጋ አንድ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ድርቅ በሚደጋግመው አገር የጎልፍ ሜዳ ስለሚጠጣው ውሃ የሚደረገው ክርክር ለብዙዎቻችን የሩቅ አገር ወሬ ነው። ሰሜን ሸዋ የጎልፍ አገር አይደለም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ በሆነው በዚህ ደጋ ሎጅ፣ የሠርግ ሜዳና የመዝናኛ ግቢ እየበዛ ነው። ከግቢዎቹ ጋር ደግሞ በጋ ከክረምት አረንጓዴ እንዲሆን የሚፈለግ ሣር አብሮ ይመጣል። ሣሩ ኳስ ይመታበት ወይም ሙሽራ ፎቶ ይነሳበት፣ ለውሃው ጥያቄ ልዩነት የለውም።

ከዚህ በታች የምጽፈው በአንድ ሎጅና ከሥሩ ባለ መንደር መካከል በአንዲት ምንጭ ምክንያት የተነሳ ጠብ እንዴት እንደተያዘ ነው። እኔ የውሃ ባለሙያ ሆኜ ልኬቱን እንድሠራ በቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ተጠርቼ ነበር፤ ባለሀብቱም ተስማምቷል። የሰዎቹንም የቦታውንም ስም አልጠቅስም። ልኬቶቹ ግን እዚያው ምንጩ አጠገብ፣ ሁለቱም ወገኖች ቆመው እያዩ የተወሰዱ ናቸው። ተመሳሳይ ነገር በሌሎች ወረዳዎችም እየመጣ ስለሆነ ተመዝግቦ ቢቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አካባቢው

ቦታው ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ፣ ደጋው ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት ባለው አፋፍ ላይ ነው። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ዋናው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በልግ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይጠበቃል፤ ግን በልግ የሚታመን ዝናብ አይደለም፤ አንዱን ዓመት ጥሩ ይዘንባል፣ ሌላውን ዓመት ደመና አሳይቶ ይሄዳል። ሕዝቡ ገብስ፣ ባቄላና ምስር ያመርታል፣ በግ ያረባል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ውርጩ ኋላ ላይ በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ቦታ ስላለው ከወዲሁ ላንሳው።

ምንጯ ከጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ የምትፈልቅ ናት። ከዓመታት በፊት ጎልብታ ውሃው በሲሚንቶ በተሠራ ማጠራቀሚያ እየተጠራቀመ ወደ ቦኖ እንዲወርድ ተደርጓል። ከቦኖው የሚተርፈው ወደ ከብት ገንዳ ይገባል፤ ከገንዳው የሚፈሰው ደግሞ በቦይ እየሄደ የድንች፣ የነጭ ሽንኩርትና የጌሾ ማሳ ያጠጣል። የቦዩን ተራ የሚሰጡት የውሃ አባት ናቸው። ሽማግሌው በተራ ጉዳይ ዘመድና ባዳ አይለዩም፤ ማንም ቢሆን ከሳቸው ፈቃድ ውጭ ቦይ አይሰብርም። በምንጯ የሚጠቀመው ወደ 180 አባወራ ነው።

ሎጁ ከምንጩ በላይ፣ ቆላውን ቁልቁል በሚያሳየው አፋፍ ላይ ተሠራ። ባለሀብቱ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሠርቶ፣ ገንዘብ ይዞ፣ አገሩን ሊጠቅም የመጣ። ይህን የምለው በክፉ ልብ የተደረገ ነገር እንዳልነበረ ለማስረዳት ነው። 16 ክፍል ሠራ፣ ከመንደሩ ብዙ ወጣት ቀጠረ። ከፊት ለፊት ደግሞ ለሠርግና ለፎቶ የሚሆን 7,000 ካሬ ሜትር ሜዳ አስተካክሎ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ኪኩዩ የሚባል ሣር ተከለበት። ውሃውን በተመለከተ ከመንደሩ ጋር የነበረው ስምምነት የቃል ነበር፦ «ከምንጩ የተረፈውን ትወስዳለህ።» ምን ያህል ይተርፋል፣ መቼ ይተርፋል የሚለውን ያነሳ አልነበረም። ከዚህ ሌላ ወደፊት በአጠገቡ ባለው ሦስት ሄክታር ሜዳ ላይ አነስተኛ የጎልፍ መለማመጃ የመሥራት ሐሳብም ነበረው።

ጠቡ እንዴት ተነሳ

የመጀመሪያው በጋ ያለ ችግር አለፈ፤ ሣሩ ገና ግማሽ ሜዳ ነበርና። በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ ቦኖው በማለዳ መድረቅ ጀመረ።

የቦኖውን ወረፋ ላላየ ሰው ልግለጸው። ሴቶቹ ማታውኑ ጀሪካናቸውን ደርድረው፣ ነፋስ እንዳይወስደው እያንዳንዱ ላይ ድንጋይ ጭነው ይሄዳሉ። ድንጋዩ የወረፋ ምስክር ነው፤ ማንም አይነካውም። ከዶሮ ጩኸት በኋላ ተመልሰው መቅዳት ይጀምራሉ። በዚያ ጥር ግን የመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ጀሪካኖች እንደሞሉ ቧንቧው ማፏጨት ይጀምርና ይቆማል። «ልጄን ትምህርት ቤት የምልክበትን ሰዓት ድንጋዬን እያየሁ ቆሜ አሳለፍኩት» አለችኝ አንዲት እናት። ብዙዎቹ ሌላ ምንጭ ፍለጋ ገደሉን ወርደው ሙሉ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ይመለሱ ነበር።

ሽቅብ ሲያዩ ሣሩ ላይ ውሃ ይረጫል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከረረ። አንድ ሌሊት የሎጁ ቧንቧ ተቆርጦ አደረ። ባለሀብቱ ለፖሊስ አመለከተ፤ ሁለት ወጣቶች ተጠርጥረው ተያዙ። ከወጣቶቹ የአንዱ ወንድም የሎጁ ተቀጣሪ ነበር። በዚህ ጊዜ ሽማግሌ ገባ፤ ክሱ ቆሞ መጀመሪያ ውሃው ይለካ ተባለ። የዚህ ጉዳይ ዋናው መታጠፊያ ይህ ውሳኔ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ማን በደለ ብለው ከመጠየቃቸው በፊት ስንት ውሃ አለ ብለው ጠየቁ።

ልኬቱ

ዘመናዊ መሣሪያ አልተጠቀምንም። መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ምንጩ አፍ ላይ ደግነን በስልክ ሰዓት ያዝን። የውሃ አባት አንዱን ጀሪካን፣ ባለሀብቱ ሌላውን ያዙ። ጀሪካኑ በ40 ሰከንድ ሞላ። ይህ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ማለት ነው።

ቀጥሎ ፍላጎቱን ቆጠርን። 180 ቤተሰብ በአምስት በአምስት ቢታሰብ 900 ሰው ነው። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብቻ ብንይዝ 18,000 ሊትር ይሆናል። ከብቱና በጉ ወደ 10,000 ሊትር ይፈልጋሉ። የሎጁን ድርሻ ለማወቅ አትክልተኛውን ጠየቅነው። ባለ 10,000 ሊትሩ ሮቶ በቀን ወደ ሦስት ጊዜ ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ ወደ 28,000 ሊትር ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ 7,000 ካሬ ሜትሩ በቀን አራት ሚሊ ሜትር እየጠጣ ነበር። በሌላ አነጋገር ሣሩ ብቻውን ሰውና ከብት አንድ ላይ የሚጠጡትን ያህል ይወስድ ነበር። ድምሩ 56,000 ሊትር፤ ምንጯ የምትሰጠው 43,200። የነጭ ሽንኩርቱ ቦይ ገና አልተቆጠረም።

ቁጥሩ ሲነገር ባለሀብቱ ዝም ብሎ ቆየና «እኔ እኮ በመስከረም ነው ያየሁት» አለ። እውነቱን ነው። በመስከረም ያው ጀሪካን በ14 ሰከንድ ይሞላል፤ ያኔ ውሃው ለሁሉም ተርፎ ገደል ይገባል። ችግሩ ሣሩ ውሃ የሚጠማው ምንጯ በምትከሳበት ወራት መሆኑ ነው። የዓመቱን ጠቅላላ ውሃ ለዓመቱ ጠቅላላ ፍጆታ ቢያካፍሉት የሚበቃ ይመስላል። ጥርና የካቲትን ለብቻ ካዩ ግን አይበቃም። የጎልፍ ሜዳ በድርቅ አገር የሚያስነሳው ጠብም መነሻው ይኸው ነው፤ ሰማዩ በነሳበት ወር ነው ሣሩ ከፍተኛውን የሚጠይቀው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሣር ትንሽ ነገር ስለሚመስል ብዙ ሰው እንደ ሰብል አይቆጥረውም። ዓለም አቀፉ የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው የሰብል ውሃ ፍላጎት መመሪያ ግን የሁሉም ሰብል መለኪያ ሆኖ የተወሰደው ሣር ነው፦ 12 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ መሬቱን የሸፈነ፣ ውሃ ያልጎደለበት ሣር። የሌላው ሰብል ፍላጎት የሚነገረው ከዚህ ሣር አንጻር ነው። ስለዚህ ሜዳ ሙሉ ሣር ማጠጣት ያንኑ ያህል መሬት በመስኖ ማረስ ነው።

ውርጩ

ልኬቱ ካለቀ በኋላ ሣሩን ራሱን አየሁት። ያን ሁሉ ውሃ እየጠጣ ቢጫ ነበር። አትክልተኛው ታታሪ ልጅ ነው። «ቢጫ በሆነ ቁጥር ውሃ ጨምር እባላለሁ፤ እጨምራለሁ፤ አይመለስም» አለኝ። መሬቱን በጩቤ ቆፍረን አፈሩን በእጃችን ጨበጥነው፤ ጭቃ ሆኖ በጣታችን መሃል ወጣ። ሥሩ ውሃ አልጎደለውም። ቅጠሉን ያቃጠለው ውርጭ ነው።

ኪኩዩና ሰርዶ ሙቀት ወዳድ ሣሮች ናቸው። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ማደግ ያቆማሉ፣ ውርጭ ሲመታቸው ይነጣሉ፤ ሥራቸውና ግንዳቸው ግን ሕያው ነው። ሙቀቱ ሲመለስ ያለ ማንም እርዳታ ያቆጠቁጣሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ተኝቶ ለነበረ ሣር በቀን ሦስት ሮቶ ማፍሰስ ቅዝቃዜን በውሃ ለማከም መሞከር ነበር። በዚህ ላይ ውሃው የሚረጨው እኩለ ቀን ላይ ነበር፤ ነፋሱና ፀሐዩ ከፍተኛ በሆኑበት፣ ግን እንግዳ በሚያይበት ሰዓት። መንደሩን ከሎጁ ያጣላው ውሃ ግማሽ ያህሉ ለሣሩ ምንም ያልፈየደ ነበር። ይህን ስሰማና ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል።

የተሞከሩትና ያልሠሩት

እኔ ከመድረሴ በፊትም፣ ልኬቱ ከተሠራ በኋላም የተሞከሩ መፍትሔዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ባለሀብቱ ለትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ገዝቶ ሰጠ፤ ሕዝቡም አመሰገነ። ነገር ግን ቆርቆሮው የሚጠቅመው ሁሉንም ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ባዶ ጀሪካን ይዛ የምትቆመው ግን ያቺው እናት ናት። የሚከፈለው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ ሲሆን ካሳ ቂምን አያበርድም። እንዲያውም «በቆርቆሮ ገዛን» የሚል ሌላ ወሬ አመጣ።

ሁለተኛው የሌሊት ፓምፕ ነው። ባለሀብቱ በቅን ልብ «ቀን አልነካም፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ ልሳብ» አለ፤ ኮሚቴውም ተቀበለ። ይህ ከሁሉም የባሰ ሆነ። የማለዳው ወረፋ የሚጠጣው ሌሊቱን በማጠራቀሚያው ውስጥ ያደረውን ውሃ ነው። በሰከንድ ግማሽ ሊትር የምትፈልቅ ምንጭ በአሥር ሰዓት 18,000 ሊትር ትሰጣለች፤ መንደሩ በቀን የሚፈልገውም ልክ ይህን ያህል ነው። ሰው የተኛበት ሰዓት ውሃው የተኛበት ሰዓት አይደለም። የውሃ አባት ይህን ገና ሲነገራቸው አውቀውት ነበር፤ በስብሰባው ላይ አልተጠየቁም።

ሦስተኛው ጉድጓድ ነው። ሎጁ በግቢው ውስጥ በእጅ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ውሃም ተገኘ፤ ሁሉም ደስ አለው። ፓምፑ መሥራት ከጀመረ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ምንጩ ላይ ጀሪካኑ ለመሙላት 50 ሰከንድ ፈጀ። በጋው እየገፋ ስለነበር መቀነሱ የተፈጥሮ ሊሆን ይችላል ብለን ፓምፑን አስቆምን። ዝናብ ሳይጥል ወደ 43 ሰከንድ ተመለሰ። ጉድጓዱና ምንጩ የሚጠጡት ከአንድ ማኅፀን ነው። ከምንጭ በላይ ባለ ተዳፋት ላይ የሚቆፈር ጉድጓድ አዲስ ውሃ አመጣ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የምንጩን ውሃ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ መጥለፍ ነው።

በሕግ በኩል ነገሩ ግልጽ ነበር። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከማናቸውም ሌላ አጠቃቀም ቅድሚያ እንዲኖረው ይደነግጋል። አንቀጹ በስብሰባ ተነበበ። መነበቡ ለመንደሩ ክብር ሰጠው፤ ባለሀብቱንም አላስቆጣውም። ግን አዋጅ ቅድሚያ ለማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ማክሰኞ ማለዳ ቫልቩን ማን ይዝጋ የሚለውን አይናገርም። እሱ በመንደሩ መወሰን ነበረበት።

ከጎልፍ ሜዳዎች የወሰድነው

የጎልፍ መለማመጃው ሐሳብ በጠረጴዛው ላይ ስለነበር ሌላው ዓለም ምን እንዳደረገ ለኮሚቴውና ለባለሀብቱ አስረዳሁ። መጀመሪያ ስሌቱን አስቀመጥን። ሦስት ሄክታር ሣር በቀን በአራት ሚሊ ሜትር 120,000 ሊትር ይጠጣል፤ በጥር ወር ሦስት ምንጭ ያህል ማለት ይቻላል። ኳስ የሚገባባቸው 18 ጉድጓዶች ያሉት ሙሉ የጎልፍ ሜዳ 30 ሄክታር ብቻ ቢያጠጣ ደግሞ በቀን 1,200,000 ሊትር ይፈልጋል። ለሰው በቀን 20 ሊትር ካልን የ60,000 ሰው ውሃ ነው።

ከዚያ ምሳሌዎቹን አነሳን። በአሜሪካ የኔቫዳ በረሃ ባለችው ላስ ቬጋስ የተደረገ ጥናት አንድ ካሬ ሜትር ሣር በዓመት ወደ 3,000 ሊትር፣ ድርቅ በሚችሉ ተክሎች የተሸፈነ ተመሳሳይ ቦታ ደግሞ ወደ 700 ሊትር እንደሚጠጣ አሳይቷል። የከተማዋ የውሃ ባለሥልጣን ሣሩን ለሚነቅል ሰው ገንዘብ ይከፍላል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የግዛቲቱ ሕግም ማንም የማይረግጠውን የጌጥ ሣር ከ2027 መግቢያ ጀምሮ በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣትን ይከለክላል፤ የመኖሪያ ቤት ግቢንና የመጫወቻ ሜዳን ግን አይነካም። ኮሚቴውን የማረከው ይህ ልዩነት ነው፦ የሚረገጥ ሣርና የሚታይ ሣር። ከመላው የአሜሪካ የጎልፍ ሜዳዎች በተሰበሰበ መረጃ ደግሞ ሜዳዎቹ የሚጠቀሙት ውሃ ከ2005 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በ29 በመቶ ቀንሷል፤ ጨዋታው ግን አልቆመም።

የአሜሪካዋ የአሪዞና ግዛት ከተማ ቱሳን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎልፍ ሜዳዎቿን በተጣራ ፍሳሽ ታጠጣለች። በአውስትራሊያ በረሃ የምትገኘው ኩበር ፒዲ ጭራሽ ሣር የሌለው የጎልፍ ሜዳ አላት፤ ተጫዋቾች ኳሱን የሚያስቀምጡበትን ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሣር ይዘው ይዞራሉ፣ ጉድጓዱ ያለበት ቦታም ዘይት የተቀባ አሸዋ ነው። ጨዋታው በተወለደባት በስኮትላንድ ጥንታዊ ሜዳዎች በደረቅ በጋ ይገረጣሉ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ታላቁ የጎልፍ ውድድር ካርኑስቲ በሚባለው ሜዳ ላይ የተካሄደው በገረጣ ሣር ነበር።

የመጥፎውንም ምሳሌ አልደበቅሁም። በ2022 እ.ኤ.አ. በጋ ፈረንሳይን ድርቅ ሲመታት ሕዝቡ አትክልቱን እንዳያጠጣ ሲከለከል የጎልፍ ጉድጓዶች ዙሪያ ያለው ሣር ግን እንዲጠጣ ተፈቀደ። በቱሉዝ አካባቢ የተቆጡ ሰዎች ሌሊት ሄደው ጉድጓዶቹን በሲሚንቶ ደፈኗቸው። የውሃው መጠን ትንሽ ነበር ቢባልም ሰውን ያስቆጣው ልዩ መብቱ ነው። ይህ ሲነገር አንድ ሽማግሌ «ቧንቧ ቆራጭ በእኛ ብቻ አልተጀመረም» አሉ፤ በእስር የነበሩት ልጆችም ጉዳይ በዚያው በዕርቅ አለቀ።

የውሃ አባት ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ ምሳሌ ከቅርብ አመጡ። ባለሀብቱን «ልጄ፣ ጓሳን ማን አጠጥቶት ያውቃል?» ብለው ጠየቁት። የመንዝ ጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚገኝ ሰፊ የሣር ምድር ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ነባር የጋራ ጥበቃ ሥርዓት፣ አባ ቄራ በሚባል አለቃ ዳኝነት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋና ሲበቃ ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶታል፤ ብዙ ወንዞችም ከዚያ ይነሳሉ። በበጋ ይገረጣል፣ በክረምት ይመለሳል። የአገሩ ሣር ምንጭ ያጠራቅማል እንጂ ምንጭ አይጠጣም። የኮሚቴው አባላት ከኔቫዳው ቁጥር ይልቅ ይህን ይዘው ወደ ቤታቸው እንደሄዱ አውቃለሁ።

የሠራው ስምምነት

በቃለ ጉባኤ የተፈረመው ስምምነት መሠረቱ ጀሪካን ነው። በየሳምንቱ ከኮሚቴው ሁለት ሴቶችና አንድ የሎጁ ሰው ምንጩ ላይ ይለካሉ። ጀሪካኑ ከ30 ሰከንድ በፊት ከሞላ ሎጁ ከትርፉ ይወስዳል። ከ30 ሰከንድ ካለፈ ለሣር የሚሄደው ቫልቭ ይዘጋል፤ ለክፍሎቹ መታጠቢያና ለማዕድ ቤት የሚሆነው ትንሽ ውሃ ግን ይቀጥላል። የቫልቩ ሳጥን ቁልፍ በሴቶቹ እጅ ነው። ሎጁ ለመጀመሪያ ጊዜ በውሃ አባት ተራ ውስጥ ገባ፤ እንደማንኛውም ባለማሳ።

የሣሩ ስፋት ወደ 1,500 ካሬ ሜትር ወረደ፦ ሙሽሮች የሚቆሙበትና ሰው የሚጨፍርበት ብቻ። 3,500 ካሬ ሜትሩ ሳይጠጣ ለዝናብ ተተወ። የቀረው በአካባቢው ድንጋይ ተነጥፎ ወይራ፣ ቀጋና አስታ ተተከለበት። ከኅዳር እስከ ጥር ሣሩ ቢጫ ቢሆንም እንዳይጠጣ፣ ከየካቲት በኋላ ደግሞ ማለዳ ብቻ እንዲጠጣ ተወሰነ።

ለዚያ ትንሽ ሣር በቀን ሦስት ሚሊ ሜትር፣ 4,500 ሊትር ይበቃል። ከሻወርና ከልብስ ማጠቢያ የሚወጣው ወደ 3,000 ሊትር ውሃ በጠጠርና በአሸዋ ገንዳ አልፎ ይደርሳል። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት ገጠመን፦ አንሶላው የሚታጠበው በበረኪና ስለነበር ገንዳው አጠገብ ያለው ሣር ተቃጠለ። የበረኪናው እጥበት መውጫ ለብቻ ተለይቶ ወደ ሌላ ጉድጓድ ተላከ፤ የማዕድ ቤቱ ቅባትም ከመጀመሪያው አልተቀላቀለም። የጎደለው 1,500 ሊትር ከጣራ በሚሰበሰብ የክረምት ውሃ ይሞላል። ጣራው 1,200 ካሬ ሜትር ነው፤ ክረምቱ ለአንድ ኩሬ ከሚበቃው በላይ ይሰጣል። 250,000 ሊትር የሚይዝ፣ ውሃ በማያሰርግ ወፍራም ፕላስቲክ (ጂኦሜምብሬን) የተነጠፈ ኩሬ ተቆፈረ። ትነቱ ተቀንሶም ከየካቲት እስከ ግንቦት ያደርሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ምንጃር ሸንኮራ ላይ ገበሬው በእንዲህ ያለ ኩሬ የሽንኩርት ችግኝ ሲያፈላ ቆይቷል።

ስምምነቱ የተፈተነው በልግ በቀረበት ዓመት ነው። ጀሪካኑ 50 ሰከንድ ደረሰ፤ ቫልቩ ከበጋው መግቢያ ጀምሮ እስከ ክረምት አልተከፈተም። ኩሬው ሚያዝያ ላይ አለቀ። ሣሩ ሙሉ በሙሉ ገረጣ፤ ሁለት ሠርገኞች ቅሬታ አቀረቡ፤ አንዱ ቀብዱን አስመለሰ። ባለሀብቱ ተከፍቶ ነበር፤ ግን ቁልፉን አልጠየቀም። ሐምሌ ሲገባ ሣሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደነበረው ተመለሰ። በዚያ ዓመት ቦኖው አንድም ማለዳ አልደረቀም።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ይህን መሰል ጉዳይ ለሚይዝ ሰው መጀመሪያ የምለው ምንጩን በክረምት መውጫ አይቶ ውል አለመፈራረም ነው። ልኬቱ በጥርና በሚያዝያ ይደረግ፤ ውሉም በዚያ ይታሰር። «ከተረፈው» የሚል ቃል ብቻውን ውል አይደለም፤ የሚተርፈው መቼ እንደሆነ ሁሉም በዓይኑ የሚያየው ምልክት ያስፈልጋል። ጀሪካንና ሰዓት የተመረጡት ርካሽ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ሊቆጣጠራቸው ስለሚችል ነው።

ውሃው ከመከፋፈሉ በፊት ሣሩ በእርግጥ ውሃ ጠምቶት እንደሆነ ይታይ። በደጋው የገረጣ ሣር ሁሉ የተጠማ አይደለም። አፈሩን ቆፍሮ መጨበጥ ደቂቃ አይፈጅም፤ በእኛ ጉዳይ ግን ከማንኛውም ድርድር የበለጠ ውሃ ያዳነው እሱ ነው። ቀጥሎ ስፋቱ ይቀነስ። የሚረጭበትን መሣሪያ ማሻሻል ጥሩ ነው፤ ሆኖም ማንም የማይረግጠውን ሣር በተሻለ መሣሪያ ማጠጣት ትርጉም የለውም።

የውሃ አባት ባለበት አገር አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም ይልቅ አዲሱን ተጠቃሚ በነባሩ ተራ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ሎጁ ከሥርዓቱ ውጭ ሆኖ በነበረበት ጊዜ እያንዳንዱ ሊትር ስርቆት ይመስል ነበር። ተራ ከገባ በኋላ ግን ሲወስድም ቅር ያለው አልነበረም። ቁልፉን ደግሞ ውሃ የምትቀዳው ትያዝ። ወንዶቹ በስብሰባው ብዙ ተናገሩ፤ ቦኖው በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ ያውቁ የነበሩት ግን ሴቶቹ ናቸው።

አሁን ያለበት

ሁሉም ነገር አልተፈታም። ከቦዩ መጨረሻ ያሉት ሦስት ባለማሳዎች በበጋ አሁንም ውሃ አይደርሳቸውም። የእነሱ ችግር ከሎጁ በፊትም የነበረ ነው፤ ቦዩ የአፈር ስለሆነ መንገድ ላይ ይሰርጋል። ባለሀብቱ የተወሰነውን ክፍል በሲሚንቶ ለማስነጠፍ ቃል ገብቷል፤ ሥራው ግን አልተጀመረም።

የጎልፍ መለማመጃው በመስኖ እንደማይሠራ ባለሀብቱ ተቀብሏል። አሁን ያቀረበው ሐሳብ የአገሩ ሣር ባለበት፣ ሳይጠጣ፣ ጉድጓዶቹን በአሸዋ ከቦ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ብቻ የሚሠራ ሜዳ ነው። በውሃው በኩል ኮሚቴው ተቃውሞ የለውም። ሦስቱ ሄክታር ግን የበጎች ግጦሽ ነው፤ የውሃ አባት አጥር እንዳይታጠር፣ እረኞችም እንዳይከለከሉ በጽሑፍ ይግባ ብለዋል። ጥያቄው በቀበሌው እጅ ነው።